የሁለት ዓመት ልጄን ስቆጣ ሳቅ ያሸንፈኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ዓመት ከአራት ወር ወንድ ልጅ እናት ናቸው። ልጁ በቅርቡ የሽሮ ጣሳ ከፍቶ ዱቄቱን ወጥ ቤት ወለል ላይ ዘረገፈው፤ እናቱ ደርሰው «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲሉት እስከ ቅንድቡ ሽሮ ለብሶ ቆሞ «ድመት!» አላቸው። እቤት ውስጥ ድመት የለም። በሌላ ቀን ሲቆጡት ደግሞ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ የሌላውን እጁን ጣት ቀስሮ «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» ብሎ መለሰላቸው። በሁለቱም ጊዜ እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። አብረዋቸው የሚኖሩት አማታቸው ከት ብለው ይስቃሉ፤ ቡና ላይም ለጎረቤት ይተርኩታል። ባለቤታቸው በበኩላቸው «እያሞላቀቃችሁት ነው፤ አንድ ቀን በደንብ ቢቀምስ ኖሮ ይተው ነበር» ይላሉ። እናቲቱ ማወቅ የሚፈልጉት መሳቃቸው ልጁን ይጎዳው እንደሆነ፣ ሳቅ እየተናነቃቸው እንዴት ሥርዓት ሊያስይዙት እንደሚችሉ፣ እንዲሁም ባለቤታቸው ትክክል መሆን አለመሆናቸውን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ መሳቅዎ በራሱ ልጅዎን አይጎዳውም፤ ልጅ ማሳደግ አልቻልኩበትም ብለው እንዲያዝኑ የሚያደርግ ነገርም አይደለም። ጉዳት ካለ የሚመጣው ከሳቁ ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሚሆነው ወይም ሳይሆን በሚቀረው ነገር ነው። እናት ስቃ ስታበቃ ልጁን ይዛ ሽሮውን አብራው ብትጠርግ፣ ልጁ የሚማረው የደፋ ሰው እንደሚጠርግ ነው፤ ስቃ፣ አቅፋና ስማ ሽሮውን ራሷ ብትጠርግ ግን የሚማረው ሽሮ መድፋት ሳቅና መሳም እንደሚያስገኝ ነው። በሁለቱም ቤት ተስቋል፤ ልዩነቱ ከሳቁ በኋላ ድንበሩ በቦታው መገኘት አለመገኘቱ ላይ ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሣ ነው።

ሳቁ የሚያመልጥዎ ቁም ነገር ስለሌለዎት አይደለም። ሳቅ በፈቃድ የሚታዘዝ ነገር ባለመሆኑ ልንገታው በሞከርን ቁጥር ይብስበታል፤ በዚያ ላይ ይጋባል። ሳቅን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን፣ ሰዎች ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይልቅ ከሌላ ሰው ጋር ሲሆኑ 30 ጊዜ ያህል አብልጠው እንደሚስቁ አሳይተዋል። አማትዎ አጠገብዎ ሲኖሩ መቆጣት ይበልጥ የሚከብድዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብቻዎን ቢሆኑ ፈገግታ ሆኖ የሚያልፈው ነገር እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ጥርስ የማያስከድን ይሆናል።

አሁን ወደ «ድመቷ» ልምጣ፤ ባለቤትዎ ነገሩን ውሸት መልመድ አድርገው ሳያዩት አይቀሩምና። እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ልዊስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት አንድ ጥናት የሦስት ዓመት ልጆች አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጡና አሻንጉሊት ከጀርባቸው ይኖራል፤ ከዚያም «ዞረህ እንዳታይ» ተብለው ለብቻቸው ይተዋሉ። አብዛኞቹ ልጆች ዞረው አዩ፤ አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ማየታቸውን ያመኑት ከግማሽ በታች ነበሩ። እነዚህ ደኅና ቤት ውስጥ ያደጉ፣ ጤነኛ ልጆች ናቸው። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ከእነሱም ያንሳል። «ድመት» ሲል ያደረገው ይህን ያህል ነው፦ ከድምፅዎ ቃና አንድ ጥፋተኛ እየተፈለገ መሆኑ ገባው፣ ያ ጥፋተኛ እሱ ባይሆን ወደደ፣ ከሚያውቃቸው ፍጥረታት መካከልም ዕቃ በመድፋት የሚታማውን መርጦ ጠራ። እርስዎ የሚያዩትን እሱ በእርስዎ ዓይን ሆኖ ማየት ገና ስላልቻለ፣ ቅንድቡ ላይ ያለው ሽሮ እንደሚያሳብቅበት አልታየውም። በሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ላለ አእምሮ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም፤ ክፋትም ሊባል አይችልም።

ስለዚህ መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን ጥያቄ ባይጠይቁት ጥሩ ነው። «ማነው የደፋው?» የሚለው ጥያቄ ለትልቅ ሰው ተግሣጽ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ከጥፋተኝነት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ እንዲፈልግ የሚቀርብለት ግብዣ ይሆንበታል፤ ሳቁም የሚመጣው ከሚሰጠው መልስ ነው። በምትኩ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፤ «ሽሮው ተደፍቷል። ና፣ እንጥረገው» ይበሉት። ድመቷን ካመጣም አይከራከሩት፤ «እሺ፣ ድመቷ የለችም፤ እኛ እንጠርጋለን» ብለው መጥረጊያውን ያስይዙት። ሁለት ጊዜ ብቻ ጠርጎ ዱቄቱን ይበልጥ ቢበትነው እንኳ የእሱ ድርሻ ያ ነው፤ የቀረውን እርስዎ ይጨርሱታል።

«ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ያለዎት ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ እኔ ብሆን ጨርሶ ጥፋት ብዬ አልመዘግበውም። ልብ ብለው ከሆነ እናቱን እየተቆጣ «እንዳይለምድሽ» አላለም። ቃሉን፣ የተቀሰረውን ጣትና ወገብ ላይ ያረፈውን እጅ እርስዎ ላይ እንዳየው ሳይከፋፍል ወስዶ ነው የመለሰልዎት። የተናቁ መስሎ ቢሰማዎትም፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚማረው የሚወዳቸውን ሰዎች በመቅዳት ስለሆነ ያየውን ሠራ ማለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ትራሱን ወይም አሻንጉሊቱን ሲቆጣ በሩ ጋ ቆመው ቢያዳምጡት ይህንኑ ትርኢት ይደግመዋል፤ «ብላ! ብላ አልኩህ! እንዳላስለቅስህ!» እያለ የተናጋሪውን የትንፋሽ አወሳሰድ ሳይቀር ሲያስመስል ይሰሙታል። ብዙ ወላጆች የራሳቸው ቁጣ ለሌላ ሰው ጆሮ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ለእኛ ለባለሙያዎቹም ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ መረጃ ይሰጠናል። እንዲህ ሲያደርግ መሳቅ ይችላሉ፤ «ልክ እንደ እማዬ አልክ!» ብለውት ሲያበቁ ወደ ተነሡበት ጉዳይ ይመለሱ። የተቆጡት ኩባያ ስለወረወረ ከነበረ፣ ኩባያው ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

ሳቅ በእርግጥ ዋጋ የሚያስከፍልበት ሦስተኛ ዓይነት አጋጣሚ አለ። በጥያቄዎ ባይጠቅሱትም እቤትዎ ውስጥ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ልጁ እጁን ወደ ተከለከለው ነገር ይዘረጋል፤ ከመንካቱ በፊት ግን ቆም ብሎ የእርስዎን ፊት ያያል። ያ እይታ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጄምስ ሶርስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዓመት ሕፃናት በመስታወት በተሸፈነ፣ ሲያዩት ግን ዝቅ ብሎ ገደል በሚመስል ወለል አጠገብ እንዲድሁ ተደረገ፤ እናቶቻቸው ከማዶ ቆመው በፊታቸው ብቻ ምልክት ይሰጧቸው ነበር። እናታቸው ፊቷን በደስታ ካበራችላቸው 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ፤ እናታቸው የፍርሃት ፊት ካሳየቻቸው 17 ሕፃናት ግን አንድም የተሻገረ አልነበረም። አንድም ቃል አልተነገራቸውም። ስለዚህ አፍዎ «ተው!» እያለ ዓይንዎ ሲስቅ፣ ልጁ የሚያምነው ዓይንዎን ነው፤ በሕይወቱ ከቃል በፊት ማንበብ የለመደው ፊትን ነውና።

ከዚህም በላይ ሕፃናት የሰው ሳቅ ያስገኘላቸውን ነገር መልሰው መሥራት የሚጀምሩት ንግግር ሳይጀምሩ ነው። እንግሊዝ አገር የሚሠሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ቫሱዴቪ ሬዲ አንድ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ሆን ብለው ሰው ለማሳቅ ሲቀልዱና ዕቃ ሰጥተው መልሰው በመውሰድ ሲያታልሉ መዝግበዋል። ይህ ለወዳጅነት የተፈጠረ ግሩም ችሎታ ነው፤ ሆኖም ሳቁ የመጣው በጥፊ ከሆነ ጥፊው ይደገማል። ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንዴ ብቻ የሚስቁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይጠናል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት እንዳሳዩት፣ አልፎ አልፎ ብቻ ሽልማት የሚያገኝ ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ይዘገያል። ዛሬ የተሳቀለት፣ ነገ የተቆጡት፣ ከነገ ወዲያ እንደገና የተሳቀለት ልጅ «ዛሬስ?» እያለ መሞከሩን አይተውም፤ እኛ ይህን ችክታ ብለን እንጠራዋለን።

እንግዲህ ሳቁ ሲናነቅዎት ምን ያድርጉ? በቅድሚያ ድንበሩን የሚይዘው ፊትዎ ሳይሆን እጅዎ ይሁን። ይህን የምለው ለሳቁ መፍትሔ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን በዚህ ዕድሜ ቃል ብቻውን ስለማያቆማቸውም ነው። የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ሁለት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች የጎማ ፊኛ እንዲጨምቁ ሲያደርጓቸው፣ «ጭመቅ» ሲባሉ ይጨምቃሉ፤ «አቁም» ሲባሉ ግን ማቆሙ ይሳናቸዋል፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ አብዝተው ይጨምቃሉ። የጀመሩትን የሚገታው የአእምሮ ክፍል ገና እየተሠራ ነው፤ ሥራውም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ይቀጥላል። ስለዚህ ከሳሎን ሆነው «አትንካ! አልኩህ እኮ! አትንካ!» ከማለት፣ ተነሥተው ሄደው እጁን ቀስ ብለው ይዘው፣ ማድረግ የሚችለውን መንገር ይሻላል፦ «ስኳሩ ይቀመጣል። ማንኪያውን አንተ ያዝ።» እጁን ይዘው ይህን እያሉት ቢስቁ እንኳ ስኳሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ትምህርቱም አይበላሽም።

ሳቁ ከአቅም በላይ ከሆነ ፊትዎን ማዞር፣ ማጎንበስ፣ ልጁን በጀርባው በኩል ማቀፍ ወይም ዕቃ የሚፈልጉ መስሎ ቁም ሣጥን መክፈት ነውር የለውም። ሳቁ አስቀድሞ አምልጦ ከሆነ ደግሞ ያልሳቁ ለመምሰል አይድከሙ፤ ልጁ ሰምቷል። ባጭሩ «ሳቅ መጣብኝ። ሽሮ ግን አይደፋም» ብለው ወደ ሥራው ይግቡ። የማልመክርዎት በሳቁ አፍረው ወዲያው ወደ ጩኸት መዝለልን ነው። የሳቀው ፊት በአንድ ቅጽበት ሲኮሳተርና ሲጮህ ልጁ ከድንጋጤው በቀር የሚይዘው ነገር የለም፤ ለምን እንደተጮኸበት ማገናኘት አይችልም።

«አይለመደኝም» ስለማስባል አንድ ነገር ልጨምር። በየቤታችን ልጅ ከተቆጡት በኋላ «አይለመደኝም በል» ይባላል፤ ልጁም ይላል፤ ጉንጭም ይስማል። በዚህ ዕድሜ ግን ቃሉ ለእሱ ቁጣው የሚያበቃበት ምልክት ብቻ ነው። አንድ እጁ ስኳሩ ውስጥ እንዳለ፣ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት «አይለመደኝም!» ብሎ የሚቀድምዎት ለዚህ ነው፤ ሳቁም እዚያው ላይ ይመጣል። ቃሉን ማስባሉን እንደ ጨዋነት ልምምድ ይቀጥሉበት፤ እንደ ቃል ኪዳን ግን አይቁጠሩት፤ ባፈረሰም ጊዜ «ዋሸኸኝ» አይበሉት።

የማይሳቅባቸውን ነገሮች አስቀድሞ መወሰን ብዙ ድካም ይቀንሳል። እኔ የምለው እሳት፣ የፈላ ነገር፣ መኪና መንገድ፣ ኤሌክትሪክ፣ መድኃኒት፣ እንዲሁም ሰውን መምታትና መንከስ ነው። በተለይ ቡና ሲፈላ ከሰሉም ጀበናውም ወለል ላይ ስለሆኑ ልጁ የሚደርስባቸው በአንድ እርምጃ ነው፤ እንግዶች በዳንሱ እየሳቁ ሳለ ልጅ ወደ ምድጃው የተጠጋበት አደጋ የትኛውም ሰፈር ቢጠየቅ ይገኛል። እዚህ ላይ አስቀድመው ያንሡት፣ ከዚያ ዝቅ ባለና ባጠረ ድምፅ «ያቃጥላል» ይበሉት፤ ማብራሪያው ይቆይ። መምታትን በተመለከተ ደግሞ በእኛ ዘንድ የቆየ አንድ ጨዋታ አለ፤ ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለውን ልጅ «እስቲ አጎትህን ምታው፣ እስቲ ስደበው» ብሎ ማለማመድና መሳቅ። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ያንኑ ስድብ ለእንግዳ ሲደግመው በቁንጥጫ ይቀጣል። ስድቡን ያስተማሩት ሰዎች ናቸው የሚቆነጥጡት፤ በእኔ ግምት በሥርዓት ማስያዝ ስም ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ፍትሕ የጎደለው ጥቂት ነው።

ወደ አማትዎ ስመጣ፣ የአያት ሳቅ ለልጁ ጸጋ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ እሳቸውን ዝም ለማሰኘት መሞከር ልጁን ከሚጠቅመው ይልቅ ቤቱን የሚጎዳው ይበልጣል። የሚያሳስበኝ ሳቃቸው ሳይሆን ልጁ እየሰማ የሚደረገው ትረካ ነው። ልጆች ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በመስታወት የሚያዩት ራሳቸው መሆኑን ይለያሉ፤ ግንባራቸው ወይም አፍንጫቸው ላይ ሳያውቁ ቀለም ተቀብቶ መስታወት ሲያዩ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ራሳቸው ፊት ይሰዳሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እነሱ እንደሚወራ ያውቃሉ፤ ማፈርም፣ መታየትን መውደድም አብሮ ይመጣል። የሽሮው ታሪክ በጎረቤት ፊት ሲነገር አንዱ ልጅ ተነሥቶ ትርኢቱን ይደግመዋል፤ ሌላው በእናቱ ቀሚስ ይሸሸጋል። ለመጀመሪያው ጥፋቱ ሙያ ይሆንለታል፤ ለሁለተኛው ሳቁ መሳለቂያ ሆኖ ይሰማዋል። በስልክ ቀርጾ ለዘመድ መላክና በእሱ ፊት ደጋግሞ መክፈትም ከዚህ አይለይም። ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ አያት በቪዲዮ እየሳቁ «እስቲ እንደገና አሳየኝ» ሲሉ ልጁ የተከለከለውን ነገር በትእዛዝ ይደግማል።

አማትዎን የሚያነጋግሩት ልጁ ሲተኛ፣ ባለቤትዎም ባሉበት ቢሆን ይመረጣል። «አይሳቁ» ማለት ነቀፋ ይመስላል፤ «እማማ፣ እርስዎ ያሉትን ከእኔ ይልቅ ይሰማል፤ ስቆጣው ዝም ቢሉልኝ ያግዘኛል፤ ታሪኩን ሲተኛ እንጫወተዋለን» ማለት ግን ድርሻ መስጠት ነው። ከልምዴ እንደማየው አያቶች የሚከፋቸው ሥልጣናቸው ሲነካ ነው፤ ኃላፊነት ሲሰጣቸው ከእናትየው ይበልጥ ጥብቅ የሚሆኑ ሞልተዋል።

ባለቤትዎ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፤ ለልጁ ድንበር ያስፈልገዋል፤ ድንበሩም በሳቅ ሊጠፋ አይገባም። «ቢቀምስ ይተዋል» የሚለው ግን በመረጃ አይደገፍም። ኤሊዛቤት ጌርሾፍ እና አንድሩ ግሮጋን-ኬለር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ160,000 በላይ ልጆችን የሚመለከቱ 75 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ መቀመጫን በመዳፍ መምታት ከተሻለ ታዛዥነት ጋር ሳይሆን ከብዙ ጠበኝነትና ከወላጅ ጋር ካለ የሻከረ ግንኙነት ጋር ተያይዞ ነው ያገኙት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2018 ወላጆች ልጆችን ከመምታት፣ እንዲሁም ከማዋረድና ከማሸማቀቅ እንዲቆጠቡ የሚመክር መግለጫ አውጥቷል። በአገራችንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ለመምህር ያልተፈቀደውን ለወላጅ ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ ለመምከር ምክንያት አይታየኝም። በርበሬ ማጠን ደግሞ ዓይንና መተንፈሻን የሚጎዳ ስለሆነ ቅጣት ተብሎ ሊጠራም አይገባውም። ከሁሉም በላይ በእርስዎ ቤት ያለው ሁኔታ ዱላውን ይበልጥ ትርጉም አልባ ያደርገዋል፤ እናትና አያት የሳቁበትን ድርጊት አባት ማታ መጥቶ ቢመታበት፣ ልጁ የሚማረው ድርጊቱ ክፉ መሆኑን ሳይሆን አባቱ የሚመታ መሆኑን ነው። ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ በማይሳቅባቸው ነገሮች ላይ ብትስማሙና ሁላችሁም ለአንድ ጥፋት አንድ ዓይነት ምላሽ ብትሰጡ፣ ባለቤትዎ የሚፈልጉትን ጥብቅነት ያለ ዱላ ያገኙታል።

እስካሁን ያወራሁት ሳቅን ስለመቆጣጠር ነው፤ ሆኖም ሳቅ ከጥፋቱ በፊት ከመጣ ለወላጅ ትልቅ መሣሪያ ነው። የልጆችን ቀልድ ያጠኑት ፖል መጊ እንደሚያስረዱት፣ ሁለት ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ከምንም በላይ የሚያስቀው ነገር ያለቦታው ሲውል ወይም ያለስሙ ሲጠራ ማየት ነው። ልጅዎ ጫማ አላደርግም ብሎ ወለሉ ላይ ሲንደባለል፣ ጫማውን አንሥተው ራስዎ ላይ ያድርጉና «ይህ ኮፍያዬ የት ሄዶ ነበር?» ይበሉ። «ጫማ ነው!» ብሎ ይጮሃል። «ኮፍያ ነው እንጂ» ይበሉት። እሱ አዋቂ፣ እርስዎ ተሳሳች ሲሆኑ ሊያስረዳዎት እግሩን ያቀርባል፤ ጫማው ይገባል። ገላ መታጠብ፣ ፀጉር መበጠር፣ ከጨዋታ ተነሥቶ ወደ ምግብ መምጣት፣ በዚህ ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ልጁ እያለቀሰ፣ እየተናደደ ወይም እየደከመው ሳለ አይሞክሩት፤ የሚያለቅስ ልጅ ፊት መቀለድ ከመሳለቅ አይለይበትም፤ በለቅሶው ላይ የለቅሶውን ድምፅ እያስመሰሉ መሳቅ ደግሞ በየቤቱ ቢለመድም ከሚያሳፍሩት ነገሮች ዋነኛው ነው። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው።

ለውጡን በምን ያህል ጊዜ እንደሚያዩ መጠየቅዎ አይቀርም። ለአንድ ዓይነት ድርጊት አንድ ዓይነት ምላሽ ሲያገኝ መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ይብስበታል፤ የለመደውን ሳቅ ፍለጋ ትርኢቱን ያሰፋዋል፤ ድመቷ ላይ ውሻ ሊጨምር ይችላል። ይህ ዘዴው አለመሥራቱን አያሳይም፤ በዚያ ሰዓት ተስፋ ቆርጦ መሳቅ ወይም መምታት ግን ሁሉንም ወደ ኋላ ይመልሳል። ወደ ሦስት ዓመት ተኩል ሲጠጋ ቃል ብቻውን ሊያቆመው የሚጀምርበትን ጊዜ ያያሉ፤ ያኔም ቢሆን ሲርበውና ሲደክመው ይረሳዋል።

ከጻፉልኝ ውስጥ ለሐኪም የሚያደርስ ነገር አላየሁም፤ ማስመሰሉ፣ ፊትዎን ማንበቡ፣ ድመት መፍጠሩ ሁሉ በዚህ ዕድሜ ልናየው የምንፈልገው ነው። ልንጨነቅ የሚገባን በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር፣ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ የሰው ፊት የማይመለከት ወይም ጀምሮት የነበረውን ንግግር ያቋረጠ ልጅ ሲገጥመን ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ «ሲያድግ ይተወዋል» ሳትሉ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ አሳዩት፤ መስሚያውም አብሮ ይመርመር።